ያስዋጥኳት እንባ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስለ ምላሴ፣ ስለ ቂሜ፣ ጾም ስለ መግደፌ ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ተናዝዣለሁ፤ ይሄ አንዱ ግን ከጉሮሮዬ አልወጣም። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፣ ስግደት ሰጥተው ይሸኙኛል። እኔም ዋናውን እንደ ተሸከምኩ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እንግዲህ እናንተ የምታነቡ፣ ስሙኝ። ስግደት አትስጡኝ፣ ስሙኝ ብቻ።

እኔ የፊታውራሪ የልጅ ልጅ ነኝ። ከቡሬ ብዙም በማይርቅ ገጠር፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ትልቅ ቤት ተወልጄ እዚያው አረጀሁ። መሬቱን ደርግ ወሰደው፣ ስሙ ለእኛ ቀረ። ስም አይታረስም፣ አይበላም፤ ኩራቱ ግን ጎድሎብን አያውቅም። በወጣትነቴ ተድሬ ነበር። መካን ናት ተብዬ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ፣ ከዚያ ወዲህ የቤቱ ቁልፍ ከወገቤ አልወረደም። ወላጆቻችን ሲያልፉ እኔና ታናሽ ወንድሜ ይግረም ቀረን። ይግረም አዲስ አበባ ተምሮ እዚያው ሥራ ይዞ ነበር፤ ቤቱን ላቅና ብሎ ሲመለስ ሚስት ይዞ መጣ። ሚስቱ ሰናይት የትያትር ተዋናይ ነበረች።

የፊታውራሪ ዘር አዝማሪ አገባ ተባለ። አጎታችን፣ የቤቱ ታላቅ እሳቸው ነበሩና፣ የመልሱን ድግስ ሳይቀምሱ ተነሥተው ሄዱ። እሷ ግን አልተቀየመችም። ሰው ሁሉ ሲንቃት እኔን "እታለም" እያለች ከኋላዬ ትከተል ነበር፤ ወጥ አሠራር ከእኔ ተማረች፣ የአገሩን ሰላምታ ከእኔ ተማረች። አመሻሽ ላይ የገበያውን ሰው በየአነጋገሩ እያስመሰለች ሆዴን እስኪያመኝ ታስቀኝ ነበር። እወዳት ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የምጠላት ብትሆን ኃጢአቴ ይቀል ነበር።

በአንድ የዓመት በዓል ዕለት፣ ቡሬ ከተማ ሆቴል ቤት ባለው ቴሌቪዥን የእሷ ትያትር ታየ። ከገጠሩም ከከተማውም ሰው ተሰብስቦ አየው። ትያትሩ ላይ ሰናይት ባሏን በመጠጥ መርዝ ሰጥታ ትገድልና ሬሳው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። እንዴት ያለ ልቅሶ መሰላችሁ? አጠገቤ የተቀመጡ ሴቶች አብረዋት አለቀሱ። ትያትር መሆኑን ማን አጣው? ሁሉም ያውቃል። ግን ከዚያ በዓል ወዲህ አንዳንዱ እንግዳ ጠላውን ከእኔ እጅ ካልሆነ አልቀበል ይል ጀመር። ሰናይት ይህን አይታ ትስቅ ነበር። እኔም አብሬያት እስቅ ነበር።

ከዚያ ማኅደር ተወለደች። ሕፃኗን መጀመሪያ ያቀፍኳት እኔ ነኝ። ያጠብኳት፣ ያዘልኳት፣ ያስተኛኋት እኔ ነኝ። ሰናይት ልጇን ከጀርባዬ ስትቀበለኝ ጀርባዬ ይበርደኝ ነበር። ምነው የኔ በሆነች ማለት የጀመርኩት ያኔ ነው። ምኞት ኃጢአት ነው ወይ? ለእኔ ኃጢአት የሆነው መንገድ ያገኘ ዕለት ነው።

ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሞላት ይግረም ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ምግብ አልወርድለት አለ። ማኅደር ኩፍኝ ይዟት ስለነበር ሰናይት ከቤት ቀረች፤ ፍኖተ ሰላም ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ጉበቱ እንዳለቀ፣ ጊዜውም አጭር እንደሆነ ነገረኝ። ለይግረም ስነግረው፣ "ለሰናይት እንዳትነግሪብኝ። ልጅ ታማባታለች፣ አሁን አትደንግጥ፤ ራሴ እነግራታለሁ" አለኝ። ሳይነግራት ሞተ። ሕመሙን ቀላል አድርገን ስለነገርናቸው፣ ለሰዉም ለእሷም ድንገት የሞተ መሰላቸው። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሞተ ዕለት ማለዳ፣ ለቀስተኛው ገና ሳይደርስ፣ ሰናይት ጓዳ ገብታ በነጠላዋ አፏን አፍና እየጮኸች አገኘኋት። እጇን ያዝኩ። ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ስሚኝ ሰናይት፣ አገሬው ያንን ትያትር አይቶታል። ዛሬም እንደዚያ ታለቀስሽ፣ ይቺ ሴት አሁንም ትያትር ላይ ናት ነው እሚሉሽ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ እታለም? ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?"

"ዋጥ አርጊው። ዝም ብለሽ ቁሚ። እኔ አለሁልሽ።"

ምክሬ ምክር ይመስላል፣ አይደለም? እኔም ለብዙ ዘመን ለራሴ እንዲያ ስል ኖሬያለሁ። ግን የአገሬን ልቅሶ አውቀዋለሁ። ባሏ ሞቶ ፊቷን ያልነጨች፣ ደረቷን ያልደቃች ሴት ምን እንደምትባል ከእናቴ ጡት ጋር የጠጣሁት ነው። እጇን ስይዝ ማኅደር ጀርባዬ ላይ ተኝታ ነበር። እያወቅኩ አልኳት። እያወቅኩ ነው ያልኳት።

ሰናይት ታዘዘችኝ። ሬሳው ወጥቶ ሰዉ ሲተራመስ፣ ከንፈሯን ነክሳ እንደ ግንድ ቆመች። አልቃሿ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞር ብላ ካየቻት በኋላ እንዲህ ብላ አወረደች፦

አልጋ ሳይዝ ወድቆ ሲቀር የኔ ጌታ፣
ቁማ ታየዋለች ያለ አንድ እንባ ጠብታ።

ከኋላዬ አንዲት አሮጊት፣ "መድረክ ላይ ለባዳ ስታፈሰው ለባሏ አለቀባት?" ስትል ሰማሁ። ሰናይትም ሰማች። ቀና ብላ አየችኝ፤ አሁንስ ላልቅስ ወይ የምትለኝ ይመስል ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ፣ ተይ አልኳት። እሷም ተወችው።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ አጎቴ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው እኔን አስጠሩኝ። "ፍኖተ ሰላም አብረሽው የሄድሽ አንቺ ነሽ። ሐኪሙ ምን አለ?" አሉኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጉበቱ ብል ያቺ ሴት ነጻ ትወጣ ነበር። "ምንም አላለም፤ ጨጓራ ቢጤ ነው፣ ይሻለዋል ነው ያለው" አልኩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። መርዝ የሚለውን ቃል እኔ አላወጣሁትም። ሌላው እንዲያወጣው በሩን ከፈትኩለት እንጂ።

ለመንግሥት አልከሰሷትም፤ የቤቱ ስም አደባባይ እንዳይወጣ ፈሩ። አርባው ሲወጣ ሰናይት ወደመጣችበት እንድትሄድ፣ ልጅቷ ግን ከቤቱ እንዳትወጣ ተፈረደ። ጧት ለአውቶቡስ ስትነሣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "ልጄን አደራ እታለም፤ እርስዎ ስላሉ ነው እግሬ የሚራመድልኝ" አለችኝ። እኔ እንደዋሸሁ አታውቅም ነበር። እስከ ዛሬም አታውቅም። በኋላ ልጇን ልታይ ሁለት ጊዜ መጥታ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ደጅ ላይ አግኝቻት፣ "አጎቴ ሊያስገድሉሽ ዝተዋል፣ ለልጅሽ ስትይ አትምጪ" ብዬ መለስኳት። አጎቴ አልዛቱም። ከዚያ ቀረች። ማኅደርን እናትሽ መድረኳን መርጣ ጥላሽ ሄደች እያልኩ አሳደግኳት። አደራ በላ የሚባለው ሰው እኔ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዓይኔ ሕክምና ባሕር ዳር ስሄድ መኪናው መራዊ ላይ ቆመ። ከመስኮቱ ማዶ አንድ የእህል መደብር ደጃፍ፣ ሽበት የወረሳት ሴት በቆሎ ታስመዝናለች። ገበሬው ምን እንዳላት እንጃ፣ አነጋገሩን አስመስላ መለሰችለትና ከበው የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ወዲያው አወቅኳት። ከልጇ ይህን ያህል ቅርብ ኖራለች። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ሹፌሩ እስኪነሣ ድረስ ስጸልይ ነበር፤ የጸለይኩትም እንዳታየኝ ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም ብዬ እሞት ነበር። ማኅደር አሁን ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ናት፤ ሠርጓ ለጥር ነው። ባለፈው ሳምንት መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

"እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አትቆጪኝ። እናቴ በሕይወት ካለች ለሠርጌ ልፈልጋት ብዬ ነበር።"

መራዊ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሠርጉ ታየኝ፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ሲነጋገሩ፣ ነገር ከነገር ሲገናኝ፣ ማኅደር ዞር ብላ ስታየኝ። "ሞታለች ልጄ" አልኩ። "ከሞተች ቆየች፤ ሆድሽ እንዳይባባ ነው የደበቅኩሽ።" ጉልበቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ፀጉሯን ደባበስኩ። እኔ፣ በዚያው እጄ።

ቀና ስትል፣ "እንግዲያ ሳልዳር በፊት ፍትሐት ላስደርግላት፣ የክርስትና ስሟ ማን ነበር?" አለችኝ። ወለተ ኪዳን አልኳት። ስሙን ሳልረሳ፣ ሳልሳሳት ነገርኳት። ቄሱ ጋ ሄዳ አስያዘች፣ ፍትሐቱ ለእሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በሕይወት ያለች ሴት ከሙታን ጋር ስሟ ሊጠራ ነው፤ ልጇም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማ አሜን ልትል ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን አልበደልኳችሁም፤ ያበጃጀሁት ምክንያት ካለም አትቀበሉኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ማኅደር ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መጥታ፣ ጓሮ ሆና ለእሑዱ ዝክር በርበሬ ትወቅጣለች፣ የሙቀጫው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ብጠራት ትመጣለች። ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ጀምሮ ልጠራት እያልኩ ነው፣ አልጠራኋትም።