መርፌ ደግ የሆነች ዕለት

እህቴ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል፤ በሥራዋ እንዳይመስላችሁ፣ በምላሷ ነው። ወገብ ስትለካ «ይኼ ወገብ ነው ወይስ በርሜል?» ሳትል ሜትሩን አትጠቀልልም። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ያለቻት የእኔ ልጅ ናት። የሰባት ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት መልስ እሷ ሱቅ ቁጭ ብላ ቁልፍ በየቀለሙ ትለይላታለች። ይህቺም እንደ ሌላው ሰው እንዳትሸሻት እህቴ ትፈራለች፤ ምላሷን ግን አትሰበስብም።

አምና አባታችን ሞተ። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክፉ ሰው ነበር። መርፌ ዘጠኝ ዓመት አኩርፋዋለች። የለቅሶው ቀን ግን «ደጉ አባቴ!» እያለች ከሁላችን በላይ የጮኸችው እሷ ናት። አንድ ቀን እንኳ ሰላም ያላለው ጎረቤት ሁሉ «ምን ይደረግ፣ ደግ አይበረክትም» እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው።

ልጄ ጥግ ይዛ ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትዕግሥቷ ጉድ አሰኘን። ጆሮዋን የሚቆነጥጣትን የትምህርት ቤት ዘበኛ ፈገግ ብላ ታልፈዋለች። መርፌ «አንቺ ደንባራ!» ስትላት አንገቷን አቅፋ ትስማታለች።

አንድ ቀን ልጄን ልወስድ ስመጣ እህቴ እየተኩራራች «አየህ? ልጅ የሚወደውን ያውቃል» አለችኝ። ወደ ልጄ ዞራም «እስቲ ንገሪው የኔ እናት፣ ለምንድን ነው እንዲህ የምትወጂኝ?» አለቻት።

«ስትሞቺ እንደ አያቴ ደግ ትሆኚ የለ? እስከዚያ እችልሻለሁ።»

መርፌ ሜትሯን ጠቅልላ መልሳ ፈታችው። ሳቄን ዋጥኩት፤ ግን አሳዘነችኝ።

በማግስቱ ደግ ለመሆን ቆርጣ ተነሳች። ወፍራሟን ደንበኛዋን «እንዴት አምሮብሻል!» ብትላት ሴትየዋ ደንግጣ ልብሷን አገላብጣ አየች። ልጄንና እኔን ስታይ ደግሞ ከወንበሯ ተነስታ «ነይ ተቀመጪ የኔ ማር፣ ደክሞሻል» አለች።

ልጄ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ የቁልፉን ቆርቆሮ ገፍታ ጥላ ጉልበቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

«አባዬ! አክስቴ ልትሞት ነው!»

«አልሞትም የኔ ማር፣ የኔ ጌጥ» ባለቻት ቁጥር ለቅሶው ባሰ። በመጨረሻ ሲጨንቃት «ዝም በይ አንቺ አልቃሻ! ቁልፌን በሙሉ በተንሽው፣ ልቀሚ!» ብላ ጮኸችባት።

ልጄ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እፎይ፣ ድናለች» አለችኝና መሬት ተንበርክካ መልቀም ጀመረች።

እህቴ ፊቷን ወደ ስፌት መኪናው አዞረች፤ ጨርቅ ሳታስገባም ትረግጠው ጀመር።