ለሮም የሚጨበጨብበት ቤት

የወንድሜ ሚስት አሰፋች ፊደል አልቆጠረችም። ይሁንና በአሰላ ከተማ ከእሷ ጠላ ቤት የበለጠ የሚነበብ ቤት አልነበረም። ወንድሜ ከሞተ በኋላ እኔ ሙሉዬና እሷ አብረን ኖርን፤ እሷ ትጠምቃለች፣ እኔ እቀዳለሁ። ስለዚህ የማወራው ያየሁትን ነው።

ግድግዳችን ጭቃ ነው። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ አሰፋች ከፍርድ ቤት ጸሐፊው ከአቶ ፍሰሐ የዓመቱን አሮጌ ጋዜጣ ትለምንና በዱቄት ሙጫ ትለጥፈዋለች። ስለማታነብ አንዳንዱን ትገለብጠዋለች። የኮንጎ ዘማቾቻችን ወሬ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ፣ 1953ን ሙሉ ጠጪው ስለ ኮንጎ ያነበበው አንገቱን ጠምዝዞ ነው።

ዓመቱ የገባው ግን በደስታ ነበር። የእኛ ሰው ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን የቀደመው በዋዜማው ነውና፣ ወሬው ከእንቁጣጣሽ ጋር ደረሰን። ጋዜጣው እጇ ሲገባ አሰፋች ጳጉሜን እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ከበሩ ትይዩ ለጠፈችው። አንዳንድ ሽማግሌ "እኛ ሮምን የምናውቃት በመድፏ ነው" እያለ አጉረመረመ እንጂ፣ ሲነበብ ጆሮውን የማይሰጥ አልነበረም።

ከዚያ ታኅሣሥ መጣ። ረቡዕ፣ ታኅሣሥ አምስት፣ የጎረቤታችን የከዲሮ ራዲዮ አዲስ መንግሥት መቋቋሙን ከሱቁ ሲያውጅ ቤታችን ጸጥ አለ። መምህር ይርሳው ብቻ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ይርሳው ክፋት የማያውቅ፣ እጁ ከሐሳቡ የሚቀድምበት ሰው ነው። አሰፋች በኮቱ ጎትታ አስቀመጠችው። ነገር ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከእጅ የወጣውም ያው ነው።

ቅዳሜ ጃንሆይ ተመለሱ ተባለ። ሰኞ አንድ መቶ አለቃ አሰፋችን አስጠራት። ብቻዋን አልለቃትም ብዬ ተከተልኳት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይርሳው የሚባለው መምህር በቤትሽ አጨብጭቧል ወይስ አላጨበጨበም?"

ጭብጨባውን የሰማ ብዙ ነው፤ አላጨበጨበም ብትል አብራው ትታሰራለች። አጨብጭቧል ብትል ይርሳው እንጀራውንም አንገቱንም ያጣል።

"አጨብጭቧል፣ ጌታዬ" አለች።

መቶ አለቃው ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ። እሷ ግን ቀጠለች።

"በኔ ቤት የሮሙ ወረቀት ሲነበብ ሁሉም ያጨበጭባል። የቤቱ ሕግ ነው።"

መቶ አለቃው በአንድ ጉንጩ ፈገግ አለ። "እናያለን" ብሎ አሰናበተን።

ከግቢው እንደወጣን "ይሄ ሕግ መቼ ወጣ?" አልኳት።

"አሁን። አንቺ ቆመሽ አይደል የወጣው?" አለች።

ሴትየዋ ቀልድ አታውቅም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወረቀቱን አቶ ፍሰሐ ያነባል፣ ጠጪው ያጨበጭባል፤ ያላጨበጨበ አይቀዳለትም። ማክሰኞ ሳቁባት። ሐሙስ ለመዱት። ዓርብ ገበሬው ጉደታ ለብቅላችን የሚሆን ገብስ ከዲክሲስ ጭኖ መጣና "እኔ ሮም የት እንዳለች አላውቅም" ብሎ ተከራከረ።

"ጠላው የት እንዳለ ታውቃለህ" አለችው። አጨበጨበ።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ቤቱን የሞላው ከጢቾ የመጣ እንግዳ ነበር፤ ሕጉን ከሚያውቁት ጥግ ይዞ የተቀመጠው ጉደታ ብቻ ነው። ይርሳው ካጨበጨበ ማግስት ጀምሮ ከቤቱ አልወጣም። መቶ አለቃው በሲቪል ልብስ ገባ። ሳይቀመጥ ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው ሄደና የሮሙን ወረቀት ጮክ ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

ጨረሰ። ያጨበጨበ የለም። እኔ በሆዴ ይርሳውን ቀበርኩት። አሰፋች እንስራዋን ደግፋ እንዳቀረቀረች ነበረች።

ከጥግ በኩል ጉደታ በእነዚያ ሞፈር በለመዱ መዳፎቹ አጨበጨበ። የጢቾ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። የአሰላ ባህል መስሏቸው፣ ባላገር እንዳይባሉ ነው መሰለኝ፣ እነሱም አጨበጨቡ። ወዲያው ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ።

መቶ አለቃው ተቀመጠ። "ለኔም ቅጂ" አለኝ። ልቀዳ ስል አሰፋች ክንዴን ያዘችው።

"ያላጨበጨበ አይቀዳለትም፣ ጌታዬ።"

አበደች አልኩ። ሰውየው አያት፣ አያት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። ጠጥቶ ሄደ፤ ስለ ይርሳው ሁለተኛ የጠየቀን የለም።

ዓመቱ ቀጠለ። ሚያዝያ ላይ ሰው ሰማይ ወጥቶ ተመለሰ ተባለ፤ ጉደታ "ሣር ከሌለ ምን ሊሠራ ወጣ?" አለ። ግንቦት ሲያልቅ ካራ ቆሬ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ፤ ያን ሰሞን ጠጪያችን ሁሉ ጸሎተኛ ሆነ። ይርሳውም መምጣቱን አልተወም። የሮሙ ወረቀት ሲነበብ ያጨበጭባል፣ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነበር። ያሳዝነኝ ነበር።

ጳጉሜን ደረሰ። አሰፋች ሙጫዋን በጠበጠች፤ ይርሳው ጣሳውን ያዘላት። ሰማይ የወጣውን ሰው ዘቅዝቃ ለጠፈችው።

"እትዬ፣ ተገልብጧል" አላት ይርሳው።

"ሲወርድ ነው" አለች።

የሮሙ ወረቀት ጋ ስትደርስ እጇን ሰበሰበች። ይርሳውም ጣሳውን እንደያዘ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያን ዕለት ለምን እንዳጨበጨብኩ አንድም ቀን አልጠየቁኝም" አላት።

"እጁ ያንተ ነው። እኔ ምን አገባኝ?"

"እውነቱን ልንገርዎ፣ እትዬ። ሲነበብ እሰማለሁ እንጂ ፊቱ ቆሜ አንብቤው አላውቅም። ያተረፈኝን ወረቀት ማየት አፈርኩ።"

"እንግዲያው አንብባት። አልሸፍናትም።"

አነበበ። ሯጩ በምሽት፣ በችቦ ብርሃን፣ በዚያ በጠላት ከተማ ብቻውን ወጥቶ የሄደበት ጋ ሲደርስ መስመሩን ደግሞ አነበበውና ጨረሰው። ጣሳውን መሬት አኖረና ሙጫ በነካው እጁ ብዙ አጨበጨበ። በሩን አንድም ጊዜ አላየም።

የአሁኑ ጭብጨባ ለሯጩ ነበር። አሰፋች እጇን ታጠበችና ጠላ ቀዳችለት።