ያልለቀቅሁት ቁልፍ

የሞዴል አውሮፕላን ማብረር ሳስተምር ሁለት ሪሞቶችን በገመድ አያይዛለሁ። ዋናው የእኔ ነው። በላዩ ያለውን ቁልፍ ተጭኜ እስከያዝሁ ድረስ አውሮፕላኗ ለተማሪው ትታዘዛለች፤ ስለቀው ወደ እኔ ትመለሳለች።

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ የታጨደ ማሳ ላይ፣ ያን ቀን ተማሪዬ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ነበሩ። «እስቲ እኔም ልሞክራት» ብለው የመጡት ራሳቸው ናቸው። የቁልፉን ነገር አስረዳኋቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሪሞቱን ያዙ፤ አውሮፕላኗም ቀጥ ብላ ሄደችላቸው። ሊያዞሯት ሲሉ ግን አፍንጫዋን ደፋች። ቁልፉን ልቀቀው ልቀቀው አለኝ። ከየኔታ እጅ መንጠቅ መሰለኝና፣ ሞኝነቴ፣ «አሁን ያቃኗታል» እያልሁ ጣቴን ሳላነሳ ዓይኔ እያየ ተከሰከሰች።

ስብርባሪዋን እየለቀምሁ «ነፋሱ ነው፣ የኔታ» አልኋቸው።

ተቆጡ። «ምን ነፋስ አለ? ቁልፉ በማን እጅ ነበር?»

«በእኔ። ከእርስዎ መቀማት አሳፍሮኝ ነው።»

የተሰበረውን ክንፍ ከእጄ ተቀብለው አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉለት።

«አንተ ፊደል ስትስት፣ እኔ አፍሬ ዝም ብዬህ አውቃለሁ?»