ሩበን በመዳብ ላይ

ቲርዛ ሃርላንድ ስሟ የታወቀው በጀልባና በገደል ሥዕሎቿ ነው፤ ሰው ሣለች የሚል የለም። አንድ ሰው ግን ሥላ ነበር።

እንግሊዝ አገር ዊትቢ ወደብ ላይ የተወለደች የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። ለንደን ተምራ ስትመለስ መረብ ይቀመጥበት በነበረው ጓዳ ማተሚያዋን ተከለች። ሰም በተቀባ መዳብ ላይ በመርፌ ትሥላለች፣ መዳቡን አሲድ ውስጥ ትነክራለች፤ አሲዱ የበላው መስመር ቀለም ይይዝና ወረቀት ላይ ይታተማል።

«ዛሬስ ስንት ድስት በሳሽ?» ይላታል ታናሽ ወንድሟ ሩበን፣ አሲድ ቢጫ ያደረጋቸውን ጣቶቿን እያየ።

«ያንተን ጭንቅላት ነው የምበሳው! አርፈህ ተቀመጥ።»

ሩበን አርፎ አይቀመጥም። ፎቶግራፍ እንኳ ተነሥቶ አያውቅም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው፣ መረብ ሲጠግን ሳያውቅባት ሣለችው። የለንደኑ ነጋዴ ሚስተር ፔኒማን ሠላሳ ቅጂ አዘዘ፤ ሠላሳውም ተሸጠ።

የተባለው ቁጥር ከታተመ በኋላ መዳቡ ይሠረዛል። ደንብ ነው፤ ገዢው ሌላ ቅጂ እንደማይወጣ እንዲያምን። ቲርዛ ሹል ብረት ይዛ የወንድሟን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ ሁለት ጊዜ ጫረችው።

ከሠላሳው በፊት ለሙከራ አትማ ለራሷ ያስቀረቻትን አንዲት ቅጂ ሩበን ሲዘምት ወሰዳት።

«ለንደን ግድግዳ ላይ ተሰቅያለሁ ብላቸው ማን ያምነኛል?»

በጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት የሞቱ ቴሌግራም መጣ። ዕቃው ከነቅጂዋ አልተመለሰም። ከሳምንት በኋላ እናቷ ጓዳው በር ላይ ቆመች።

«ቲርዛዬ፣ ያቺን ሥዕሉን አንዲት አትሚልኝ። መልኩ እየጠፋብኝ ነው።»

ቲርዛ ከገዢዎቹ አንዱን ቅጂ ለመዋስ ለፔኒማን ጻፈች። «ወይዘሪት ሃርላንድ፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው» ብሎ መለሰ። «ገዢዎቹ ከመንገድ ገብተው ገዝተው ይሄዳሉ፤ ስማቸውን አልይዝም።» ጋዜጣ ላይ አስነገረች፤ መልስ የሰጠ የለም። መዳቡ ላይ ያለውን ጭረት ፍቃ ልታለሰልስ ሞከረች፤ ከአንደኛው ጭረት ጋር አፍንጫው አብሮ ጠፋ። መልሳ ልትሥለው መርፌ አነሣች። አፍንጫው ጎበጥ ያለ ነበር? ወይስ የአባታቸው ነው እንዲያ የነበረው? መርፌውን አስቀመጠች።

በመጨረሻ የተረፈውን አተመችው። እናትየው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

«ፊቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ደንቡ ነው፣ እማ። እኔ ነኝ የጫርኩት።»

«በሕይወት እያለ?»

«አዎ።»

እናትየው መስመሩን በአውራ ጣቷ ልትጠርገው ሞከረች። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ ተለቅልቆ አንዱን ዓይን ሸፈነው።

«ተዪው፣ ሌላ ላትምልሽ» አለች ቲርዛ።

«ያው አይደል እንዴ የሚወጣው» አለች እናቷ፣ ወረቀቱን ሳትለቅ።