የቢስኪት መንጋጋ

ዴስ ሃንሎን ጎረቤቴ ነው። አውስትራሊያ፣ እዚሁ ብሮክን ሂል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ ሲሰረስር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ዩና ከሞተች ወዲህ አብሮት የሚኖረው እሷ ያሳደገችው፣ አገጩ ስር እንደ ጢም ሾህ ያለው ጢማም እንሽላሊት ብቻ ነው። ስሙ ቢስኪት ይባላል። እኔ እንሽላሊት አልወድም። ቆዳው የደረቀ የቁስል ቅርፊት ይመስላል፤ ዓይኑን አዙሮ ሲያየኝ ወደ ኋላ እላለሁ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ለዴስ ሾርባ እወስዳለሁ። ቢስኪት የሚውለው በመስታወት በተዘጋው በረንዳ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት ወንበር ላይ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ለግቢ ወፎች የተፈጨ ሥጋ ይወረውራል፤ ዴስም እንሽላሊቱን የሚመግበው እሱኑ ነበር። የተረፈው ሰሃኑ ላይ ጠቁሮ፣ ዝንብ ወርሮት፣ ሽታው በሩ ላይ ይቀበለኛል።

በሐምሌ ብርድ አንድ ማክሰኞ ስገባ የቢስኪት መንጋጋ አብጦ አየሁ። አፉ አልገጠመም፤ ዝልግልግ ምራቅ ይወርደዋል። የፊት እግሩ ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ።

«ዴስ፣ ይሄ ነገር ታሟል።»

«ምን ይታመማል፣ ሰንፎ ነው። እንደ ባልሽ።»

«ባሌ አፉን መዝጋት ይችል ነበር። ና እየው፣ የኋላ እግሩን ይጎትታል።»

«ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ምን ይጎድልበታል?»

እንዲህ እያለ ሥጋ አቀረበለት። ቢስኪት ነከሰ፤ መንጋጋው እንደ ላስቲክ ታጠፈና ሥጋው ከነምራቁ ወደቀ። ዴስ የወደቀውን ሥጋ አነሳ።

«እሱም ከሄደ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጠዋት ለማን ብዬ ነው የምነሳው?»

ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን። ዴስ ይነዳል፣ ቢስኪት ያለበት ካርቶን እኔ ጭን ላይ ነው። መንገድ ላይ ቢስኪት ኩሱን ለቀቀው። ቀሚሴ ረጠበ፤ መስኮት ከፍቼ አንገቴን አወጣሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። መንጋጋውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«አጥንቱ ለስልሷል። ካልሲየም አጥቶ ነው። ምን ይበላል?»

«የተፈጨ ሥጋ» አለ ዴስ። «ፀሐይ ግን ይጠግባል፣ በመስኮት።»

«መስታወቱ ሙቀቱን እንጂ አጥንት የሚያጠነክረውን ጨረር አያሳልፍም። ሥጋ ብቻውንም ጎድቶታል።»

«እኔው ነኝ በእጄ ያጠፋሁት።»

«ቢዘገዩ ኖሮ አይተርፍም ነበር። አሁን ዕድል አለው።»

ፈሳሽ ካልሲየም ጠዋትና ማታ በመርፌ አልባ ስሪንጅ አፉ ውስጥ እንዲንጠባጠብ አዘዘች። ያንን ጨረር የሚሰጥ ልዩ መብራት፣ ቅጠል፣ የካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰበት ፌንጣም ያስፈልገዋል አለች። ዴስ ስሪንጁን ያዘ። የማዕድን ጉድጓዱ መሰርሰሪያ ያበላሸው እጁ ተንቀጥቅጦ መድኃኒቱን የቢስኪት አንገት ላይ አፈሰሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ሴትዮ…»

«ገብቶኛል። ዝም በል።»

እንዲህ ሆኖ በየቀኑ ያንን አፍ በጣቴ እከፍታለሁ። ውስጡ ነጣ ያለ፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታው የጠነዛ ነው። ጓንት አድርጌም እጄን ሁለቴ እታጠባለሁ። ፌንጣዎቹን በላስቲክ ከረጢት ከነዱቄቱ ስነቀንቅ፣ ሲንፈራገጡ መዳፌ ላይ ይሰማኛል።

ዴስ ግቢው ውስጥ የሽቦ አጥር ሠራለት። መስከረም ላይ እዚያው ተቀምጠን ሾርባ ስንጠጣ ቢስኪት በእግሮቹ ቆሞ ተራመደ። ፌንጣ ያዘ። በጠማማው መንጋጋው ነከሰው፤ የፌንጣው ቅርፊት ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ሰማሽ?» አለኝ ዴስ፣ ፊቱ በርቶ።

ሰማሁ። ሾርባዬን ግን አልጨረስኩም።