የዴልበርት ክራውስ «ላስብበት»

እኛ የኔብራስካ ሰዎች «እምቢ» የምትለዋን ቃል እናቶቻችን ሳያስተምሩን ነው ያሳደጉን። የማንፈልገውን ነገር ስንጠየቅ «ላስብበት» እንላለን፤ ጠያቂውም ይገባውና ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል። ማንም አይቀየም፣ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም። ችግሩ ይህን የማያውቅ እንግዳ የመጣ ቀን ነው።

ጡረታ የወጣው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ዴልበርት ክራውስም ያገለገለች ሰማያዊ መኪና የገዛ ዕለት ያለው ይህችኑ ቃል ነው። በመኪና መሸጫው ውል የምታዋውለው ሮዛሊን ከቴክሳስ ገና መምጣቷ ነበር። ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት ፊት ለፊቷ እንዲቀመጥ ጋበዘችውና ተጨማሪ ጋራንቲ እንዲገዛ ትወተውተው ጀመር። ሞተሩ ቢቃጠልስ? ካምቢዮው ቢሰበርስ? ጋራንቲ መቼም «የፈሩት ይደርሳል» የሚለውን ተረት በወረቀት አትሞ መሸጥ ነው። ድሮ ቢሆን ሚስቱ አርሊን በጠረጴዛው ስር ጉልበቱን ቆንጠጥ ታደርገውና ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አርሊን ከሞተች ግን ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ዴልበርት የሚቆነጥጠው ሲያጣ ብቻውን ወሰነ።

«ላስብበት» አላት።

«በጣም ጥሩ! እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አለዎት» አለችና ስልኩን መዘገበች።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ዴልበርት የቆርቆሮ ሾርባ አሙቆ ቆሞ ከድስቱ እየበላ ነበር፤ ለአንድ ሰው ሳህን ማቆሸሽ ትርፉ እጥበት ነው።

«ሚስተር ክራውስ፣ ሮዛሊን ነኝ። አሰቡበት?»

ሰውዬው ደነገጠ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። «እ... እያሰብኩበት ነው» አለ፤ ሌላ ምን ይበል?

«ይሁን፣ አይቸኩሉ። መኪናዋስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ።»

«እኔንስ! ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ብርድ ነው ጌታዬ? እናንተ እዚህ የምትኖሩት ተፈርዶባችሁ ነው?»

ዴልበርት ሳቀ። ሳቁ በባዶው ወጥ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው መስሎት ዞር ብሎ አየ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ደወለች፤ ከዚያም በሚቀጥለው። በበረዶ የታሰረ አውቶቡስ ውስጥ ተማሪዎቹን እንዴት በዘፈን ሲያባብል እንዳመሸ ሲያጫውታት ሾርባው ቀዘቀዘ። የአርሊንን ስም ጠየቀችው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ስሟ ጮክ ተብሎ ከተጠራ ቆይቷል። ዴልበርት ሐሙስ ጠዋት ጢሙን መላጨት ጀመረ፣ በስልክ እንደማይታይ እያወቀ።

እሑድ ልጁ ከርቲስ ከፊኒክስ ደወለ። «አባዬ፣ ያንን ጋራንቲ አሸከሙህ እንዴ?»

«ላስብበት ብያቸዋለሁ።»

«በቃ፣ እምቢ ብለሃላ!» አለና ልጆቹን ጨዋታ ላደርስ ነው ብሎ ዘጋው።

ዴልበርት ግን እውነትም እያሰበበት ነበር። ያሳሰበው ገንዘቡ አይደለም። ቢገዛ መደወሏን ታቆማለች፤ ባይገዛም ወሩ ሲያልቅ ታቆማለች። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና ሊገዛ ቆረጠ። ግን ራሱ ሄዶ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ይፈርማል። ከዚያም «ምሳ አብረን ብንበላስ?» ይላታል። የመጨረሻው ሐሙስ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ኮቱን እየለበሰ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ሚስተር ክራውስ፣ ኧረ እኔ አፈር ልሁን!» አለች ሮዛሊን። «የቢሮ ሰዎች ዛሬ ነገሩኝ። እዚህ አገር ‹ላስብበት› ማለት እምቢ ማለት ነው አሉ! ሲስቁብኝ አረፈዱ። ወሩን ሙሉ ምሳዎን አላስበላ ብዬ አስቸገርኩዎት!»

«የለም፣ የለም፣ አላስቸገርሽኝም።»

«አዩ፣ አሁንም ደግነትዎ!»

«ሮዛሊን፣ እኔ የምሬን እያሰብኩበት ነበር። አሁን እንኳ ልገዛ ወደ አንቺ መምጣቴ ነው።»

ሳቀች። «በጭራሽ! ለእኔ ብለው እንዳይገዙ። መኪናዋ ጤነኛ ናት፣ ራስዎ ነግረውኛል። ከእንግዲህ አልረብሽዎትም፣ ቃሌ ነው።»

ስትደውዪ ደስ ይለኛል ማለት ነበረበት። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። የእኛ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለሚስቱ እንኳ የሚናገረው መቃብሯ ላይ ቆሞ ነው።

«ምንም አይደል» አላት። «በርቺ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ተላጨ። ሾርባውን ለወጉ ሳህን ላይ ገለበጠና ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ። ሮዛሊን ቃሏን የምታከብር ሴት ነበረች። ሾርባው ሲቀዘቅዝ፣ ምናልባት መስመሩ ተቋርጦ ይሆናል ብሎ የስልኩን እጀታ አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገ።

አልተቋረጠም።