በእጄ ያሸግሁት ክፍል

ከቅዳሴ ወጥቼ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳልርቅ ስልኬን አልከፍትም። ያን ቀን ከበሩ ወጣ ብዬ ስከፍተው አራት ያልተነሣ ጥሪ አገኘሁ። አራቱም ከሰቆጣ፣ ከድሮ መሥሪያ ቤቴ ዘበኛ ነበር። መልሼ ደወልሁ።

«እንደምን ከረምሽ እቴ? ልጆች ደኅና? ባለቤትሽስ? የአገሩ ሙቀት ተስማማሽ?»

ሰላምታው በዛብኝ። በእኛ አገር ሰላምታ እንዲህ ሲረዝም ከኋላው መርዶ አለ።

«ማን ሞተ?» አልኋቸው።

«ሰው ደኅና ነው፣ ተመስገን። ክፍልሽ ነው እንጂ። ውሃ ገባበት።»

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

የተወለድሁት ሰቆጣ ነው። አሁን የምኖረው ባለቤቴ በተመደበበት፣ በአውቶቡስ ቀናት በሚያስኬድ የደቡብ ከተማ ነው። ሰቆጣ ሳለሁ የቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርሁ። የመጻሕፍቱን ዝርዝር የሚይዝ ፕሮግራም ራሴ ጻፍሁ። ኋላ ደግሞ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ የሚነገረውን ተረትና ወግ ከሽማግሌዎች አፍ እየቀዳሁ እዚያው አስገባ ጀመር።

ከሁሉም የሚበልጡብኝ እዚያው እኛ አገር ካለችው ከዝቋላ ወረዳ ፍየል ይዘው ገበያ የሚወጡ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አመጣችልኝ። መቅጃውን አገላብጠው አዩና፣

«ይሄ ብረት ኽምጣና ይሰማል?» አሉ።

«ይሰማል እማማ። መመለስ ነው የማይችል።»

«አሃ! እንደ ልጄ ባል ነዋ!»

ልጃቸው አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ያ ሳቅ ሳይቀር ተቀድቷል። ሰባት ገበያ ተመላለሱ። ተረቱን፣ የፍየል ቀለሙን ሁሉ በየስሙ፣ በድርቅ ዘመን ተቆፍሮ የሚበላውን ሥር ሁሉ በየስሙ ነገሩኝ። «ከእኔ በኋላ የሚጠራው የለም» ይሉ ነበር። እኔም «አይጠፋም እማማ» አልኋቸው። አፌን ሞልቼ ነው ያልሁት።

ቅጂ መያዝ እንዳለብኝ አላጣሁትም። የተማርሁትም ይኸው ነው፤ አንዱ ቅጂ ሌላ ቤት ይደር። ዳሩ ግን ቅጂውን የያዝሁበት ሃርድ ዲስክ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ቁጥር የተለጠፈበት፣ በስሜ ፈርሜ የወሰድሁት። ንብረት ደግሞ ከግቢ አይወጣም። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ አንድ ክንድ ርቆ በቆመ የብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። ሁለት ቅጂ አለኝ ብዬ ልቤን አሳረፍሁ። ሁለቱም አንድ ቆርቆሮ ሥር እንደነበሩ ልብ አላልሁም።

ሥራውን ስለቅ የሚረከበኝ ሰው አልተመደበም ነበር። እንደ ደንቡ የክፍሌ በር በወረቀት ታሸገ፤ እኔና ሁለት የርክክብ ኮሚቴ አባላት ፈረምንበት፤ ማኅተም ተመታበት። ዘበኛውን «አደራዎን፣ ኮሚቴው ሳይሟላ ማንም እንዳይከፍት፣ በማርያም!» አልኋቸው። ጠንቃቃ ነኝ ብዬ እኮ ነው።

ክረምት ላይ ነፋስ ቆርቆሮውን ገነጠለው።

«ውሃው በበሩ ሥር ሲወጣ አየሁት» አሉኝ በስልኩ።

«ታዲያ አይከፍቱትም ነበር?»

«እሽጉን? ፊርማሽ አለበት እኮ! በማርያም ብለሽኝ! ከኮሚቴው አንዱ ለሥልጠና ወጥቷል፣ አንዷ አራስ ናት። ማን ይቅደደው?»

ኮሚቴው እስኪሟላ ዐሥራ ሁለት ቀን ጠበቁ። በየጠዋቱ ከበሩ ሥር የሚወጣውን ውሃ በጣሳ እየቀዱ ደፉ። እሽጉ እንዳይርስ ደግሞ ፌስታል ለጠፉበት። ሲከፈት ወረቀቱ ደረቅ ነበር፤ ማኅተሙም አልደበዘዘም። እሳቸውን ልቆጣ አልቻልሁም። ያዘዝኋቸውን ነው የፈጸሙ።

ሃርድ ዲስኩ በመንገደኛ እጅ እኔ ዘንድ መጣ። ያሳየሁት ባለሙያ ሰክቶ ጆሮውን አስጠጋና፣ «ዝገት ነው እህቴ» ብሎ መለሰልኝ። ሌላው ባለሙያም እንዲሁ አለኝ። ኮምፒውተሩንም ውሃው ስላበላሸው ፕሮግራሙ አብሮ ሄደ። አሠራሩን በወረቀት አልጻፍሁትም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ ብዬ ነበር። አሁን ስፈልገው ግማሹን አጣሁት።

ከዚያ የእማማ ልጅ ደወለች።

«እማዬ አርፋለች። ዐርባዋ እየደረሰ ነው። ለልጅ ልጆቿ ድምጿን ላሰማ፤ ላኪልኝ እቴ።»

«እፈልግልሻለሁ» አልኋት። የሚፈለግበት ቦታ እንደሌለ እያወቅሁ። ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ፣ ቀኖና ሰጡኝ፣ ስግደቱንም ሰገድሁ። ድምፁ ግን በስግደት አይመለስም። ዐርባው አለፈ። ልጅቱ ሁለተኛ አልደወለችም፤ እኔም አልደወልሁ።

አሁን በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ለአዲስ ሠራተኞች የምነግራቸው ይኸንኑ ነው። አንዱ ቅጂ ሌላ ጣሪያ ሥር ይደር። በየወሩ እየከፈታችሁ አዳምጡት፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ አይባልም። ፕሮግራማችሁን ከእናንተ በኋላ የሚመጣ እንግዳ ሰው እንዲረዳው አድርጋችሁ በወረቀት ጻፉ። ሁሉም ይጽፋሉ። ባለፈው አንዷ እጇን አውጥታ፣ «ንብረት ክፍል ግን ሃርድ ዲስኩ ከግቢ አይወጣም ብሎናል» አለችኝ። ሰሌዳውን ጠረግሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከፃግብጂና ከሰቆጣ ዙሪያ ትምህርት ቤቶች ያኔ ወደዚያ ክፍሌ ለሁለት ቀን ሥልጠና መጥታችሁ የነበራችሁ መምህራን፣ ይህ ለእናንተ ነው። ቫይረስ ፈርቼ «ፍላሽ የሚሰካ እንዳይኖር» ብዬ ነበር። ከእናንተ አንዱ እኛ ለምሳ ስንወጣ ቀርቶ የእማማን ድምፅ ወደ ፍላሹ ሲቀዳ ደረስሁበት። በሰው ፊት «ሌባ!» አልሁት፤ ሳቃችሁበት። ከአናቱ ቆሜ አስጠፋሁት።

ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ያ ፍላሽ ዛሬም በእጅህ ካለ ምንም አትጫንበት። የተሰረዘ ፋይል ሌላ ካልተጻፈበት አንዳንዴ ይገኛል። ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ግን ለባለሙያ አሳየው። ሌሎቻችሁም እኔ ሳላይ ቀድታችሁ ከሆነ፣ ማን ነው ብዬ አልጠይቅም። ሲከፈት መጀመሪያ ከውጭ ፍየል ትጮኻለች፤ ቀጥሎ አንዲት እናት «ይሄ ብረት ኽምጣና ይሰማል?» ይላሉ። እሱን ከሰማችሁ ወደ እኔ አትላኩት። ዘበኛው የልጃቸውን ቤት ያውቁታል፤ ለእሷ አድርሱልኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ቅጂ ሌላ ሰው ቤት አስቀምጡ።